አምስት ዶላር የፈጀ እርሻ፦ ስታርዲው ቫሊ በስልክ

ፍርዴን ከፊት ላስቀድም። ግዙት። ስልካችሁ ከቻለ፣ የሚከፍልላችሁ ዘመድ ውጭ ካለ፣ ትንሽ እንግሊዝኛ ማንበብ ካልሰለቻችሁ ስታርዲው ቫሊ የሚባለውን የእርሻ ጨዋታ ግዙት። በተለይ ቤታችሁ ውስጥ ሕመምተኛ ካለ፣ ወይ ሥራ ከጠፋ፣ ወይ እንዲሁ ሐሳብ እየበላችሁ እንቅልፍ እምቢ ካለ። ሁሉ ነገር ለሞላለት ሰው ግን እንጃ፣ ምናልባት ይደብረዋል። ጨዋታው ቀርፋፋ ነው። ጥይት የለም፣ ጎል የለም፣ ፈልጋችሁ ጭራቅ ያለበት ዋሻ ካልገባችሁ በቀር ማንም አያሳድዳችሁም። አረም ትነቅላላችሁ፣ ውሃ ታጠጣላችሁ፣ በቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጆጃ የሚባል ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተጎልቶ የሚውል ሰው ናችሁ። አያታችሁ ሲሞቱ ደብዳቤ ትተውላችኋል። አንድ ቀን ኑሮው ሲመርራችሁ ትከፍቱታላችሁ፤ ለካ የገጠር መሬታቸውን አውርሰዋችኋል። ትሄዳላችሁ። መሬቱ ድንጋይ፣ ጉቶና አረም ለብሶ ይጠብቃችኋል። ኪሳችሁ ውስጥ 500 የጨዋታው ገንዘብ አለ። የመንደሩ ሹም 15 ፍሬ የፓርስኒፕ ዘር ይሰጧችኋል። ፓርስኒፕ ነጭ ካሮት የመሰለ ነገር ነው፣ እኔም በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ከዚያ በኋላ እንዲህ አድርጉ ብሎ የሚያዛችሁ የለም።

ይሄን ሁሉ የሠራው አንድ ሰው ነው ቢሏችሁ አታምኑም። ኤሪክ ባሮን ይባላል፣ አሜሪካዊ ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ሥራ ሲያጣ ለልምምድ ብሎ ጀመረው፣ ከዚያ ልምምዱ አልጨርስ አለ፣ አራት ዓመት ተኩል ያህል ሄደበት፤ በዚያ መሃል ለኪሱ ቴአትር ቤት ውስጥ ሰው ቦታ እያስያዘ ይሠራ ነበር። ሥዕሉም፣ ሙዚቃውም፣ ታሪኩም፣ ኮዱም የእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ለኮምፒውተር ወጣ፣ በ2019 አንድሮይድ ላይ መጣ፣ እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ከ40 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ። ተመርቀው ደሴ ፒያሳ ላይ ሲቪ ይዘው ለሚመላለሱ ጓደኞቼ ይሄን ታሪክ ስነግራቸው አንዱ "እሱ ግን መብራት ነበረው" አለኝ። ልክ ነው።

እኔ የጀመርኩት አባባ ስትሮክ መትቶት አልጋ ላይ በዋለበት ወቅት ነው። ያስታመመ ሰው ያውቀዋል፤ ከባዱ ቀኑ አይደለም። ቀን ጠያቂ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ቡና ይፈላል፣ "አብሽሪ፣ አላህ ያሽረዋል" የሚለውና "እግዜር ይማርልሽ" የሚለው በር ላይ ይተላለፋሉ። ሌሊት ግን ሁሉም ወደ ቤቱ ነው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ ብለውናል፣ ስለዚህ ከእማዬ ጋር ተራ ገባንና ሌሊቱ ለእኔ ደረሰ። ሰው የምትጨርሰው እንግዲህ በሁለቱ መገላበጥ መሃል ያለችው ሰዓት ናት። መተኛት አይቻልም፤ ከተኛሁ አልነሣም። መጽሐፍ ብይዝ አንዱን ገጽ ስደጋግም አድራለሁ። ፌስቡክ ብከፍት የሞተ፣ የታገተ፣ የተፈናቀለ ነው፣ ጭራሽ ልቤ ይመታል። የደሴን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ያድራል።

ስታርዲው ቫሊ እዚህች ክፍተት ውስጥ ልክክ አለ። የጨዋታው አንድ ቀን በእኛ ሰዓት 14 ደቂቃ ገደማ ነው። ጠዋት ትነሣላችሁ፣ አትክልቱን ታጠጣላችሁ፣ ዶሮዎቹን ታበላላችሁ፣ የደረሰውን ሳጥን ውስጥ ትጨምራላችሁ፣ ትተኛላችሁ። ስትተኙ ቀኑ ይመዘገባል። አባባ ሲያቃስት ሜኑውን እከፍታለሁ፣ የጨዋታው ሰዓት ቀጥ ይላል። ውሃ አጠጥቼው፣ ትራሱን አስተካክዬ፣ እግሩን ሸፍኜ ስመለስ ዶሮዋ እዚያው ቆማ ትጠብቀኛለች። ሌሎቹ ጨዋታዎች እንዲህ አይሉም። ኦንላይን ጌም ላይ ሁለት ደቂቃ ብትጠፉ ቡድናችሁ ይሰድባችኋል።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው። ማስታመም ውስጥ "ዛሬ ይሄን ጨረስኩ" የምትሉት ነገር የለም። የአባባን ጣቶች ጠዋትም ማታም አንድ በአንድ አጥፌ እዘረጋለሁ፣ በማግሥቱ ያው ጣት ያው ነው። ተሻለው ወይስ እኔ ነኝ እንዲሻለው የፈለግኩት? አይታወቅም። ፓርስኒፕ ግን በ4 ቀን ይደርሳል። ድንች በ6። ዘሩን በ20 ገዝታችሁ ፓርስኒፑን በ35 ትሸጣላችሁ። ያጠጣችሁት ያድጋል፣ ያላጠጣችሁት ቆሞ ይጠብቃችኋል። ይሄ የልጅ ነገር ይመስላል። በዚያ ሰዓት ግን ጭንቅላቴ አንድ የሚጨበጥ ነገር ይፈልግ ነበር፣ አገኘ። አባባን አልረሳሁትም፣ መርሳትም አልፈለግኩም። የሌሊቱን ሰዓት ብቻ አሳጠረልኝ።

ሌላው የወደድኩለት ማምሸት አይወድም። በጨዋታው ሰዓት ሌሊት 8 ሲሞላ ሜዳ ላይም ሁኑ ዋሻ ውስጥ ተዝለፍልፋችሁ ትወድቃላችሁ፤ ከኪሳችሁ ገንዘብ ይጎድላል፣ በማግሥቱም ጉልበታችሁ ሙሉ አይሆንም። ለእማዬ ይሄን ስነግራት "እሱ ጨዋታ ከአንቺ ይሻላል" አለች።

ስለ ዋጋው። አምስት ዶላር ገደማ ነው፣ አንዴ ከፍላችሁ አበቃ። ማስታወቂያ የለውም። "ይሄን ዘር ለመግዛት እንቁ ሙላ" ብሎ መሃል ላይ አይዘጋባችሁም። ነጻ የሚባሉትን የእርሻ ጌሞች የሞከረ ሰው ምን እንደማወራ ይገባዋል፤ ስንዴው እንዲደርስ ወይ ስምንት ሰዓት ጠብቅ ወይ ክፈል ይሉሃል፣ በየመሃሉ ሠላሳ ሰከንድ ማስታወቂያ ያሳዩሃል፣ ዳታው ይነጉዳል። ጭንቀት ልታበርድ ገብተህ ሌላ ጭንቀት ይዘህ ትወጣለህ። ችግሩ የእኛ ካርድ ፕሌይ ስቶር ላይ አለመሥራቱ ነው። እኔ ጅዳ ያለችው እህቴ ገዝታው፣ ለእረፍት ስትመጣ አካውንቷን ስልኬ ላይ ከፍታ ጫነችልኝ። ከወሎ ውስጥ ዓረብ አገር እህት ወይ አክስት የሌለው ቤት ጥቂት ነው፣ ስለዚህ መንገዱ አይጠፋችሁም። እሷም ለራሷ ጀምራለች። ከሥራ ስትወጣ ክፍሏ ገብታ ትጫወታለች፣ ኔትወርክ ባለ ጊዜ በድምፅ መልእክት እርሻ እናወዳድራለን። "ላምሽ ስንት ወለደች" ስትለኝ የሚሰማ ሰው እውነተኛ ላም ይመስለዋል።

ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ይሄ ለእኛ አገር ትልቅ ነጥብ ነው። በ2015 ክረምት የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ስንት ወር እንደቆየን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ኦንላይን ያልሆነው ነገር ሁሉ ያኔ ነው ዋጋው የታወቀው። ቻርጅ ግን ይፈልጋል። በ2014 ጥቅምት ማለቂያ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ መብራት ጠፍቶ ስልኮቻችን ሁሉ ሞተው ነበር፣ እስከ ኅዳር ማለቂያ እኛ ግቢ ጨዋታ ማለት ካርታና መሬት ላይ የተቆፈረ ገበጣ ነበር። ጎረምሳው፣ ሽማግሌው፣ ክርስቲያኑ፣ እስላሙ ጠጠር ሲቆጥር ይውላል። ያኔ ማንም "ጊዜ ማባከን ነው" ብሎ አልተቆጣም። ስልክ ላይ ሲሆን ነው ሰው ፊቱን የሚያኮሳትረው።

"ለምን ፕሌይስቴሽን ቤት አትሄዱም" የሚል ካለ፣ ወንዶቹ ይሂዱ፣ ጥሩ ነው። የሰፈሬ ልጆች ጆይስቲክ ይዘው ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ሲሳሳቁ ሳይ እኔም እቀናለሁ፣ ብቻቸውን አይደሉማ። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ቀጣዩ ይገባል። ሴት ልጅ ገብታ ብትቀመጥ ግን ቤቱ ሁሉ ዞሮ ያያታል። እሱ ይቅር። የሚያበሳጨኝ ግን አጠገቡ ያለው ቤቲንግ ቤት ነው። ትኬት ቆርጦ ማንቸስተርን የሚጠብቅ ልጅም "ፈታ እያልኩ ነው" ይላል። ምን ፈታ አለው? ጥፍሩን እየበላ! የእናቱን የዕቁብ ብር አስይዞ የጨረሰ ልጅ ጎረቤታችን አለ። ያ ጨዋታ አይደለም፣ ከጨዋታ ጋር አንድ ላይ ባትጠሩብኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ስለ አጎቴ ላውራ፣ ይሄን ግምገማ ያጻፈኝ እሱ ነውና።

ጋሼ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው፣ የደላንታ ገበሬ። ጦርነቱ ላይ ቆይቶ መጥቷል። ስለዚያ አያወራም፣ እኛም አንጠይቅም። ቡና ሲፈላ ግን አንድ ነገር አየን። እማዬ ፈንዲሻ ስታፈነዳ ድስቱ ገና ጠሽ ጠሽ ማለት ሲጀምር ተነሥቶ ወደ ግቢ ይወጣል። መጀመሪያ ሲጋራ ሊያጨስ መስሎን ነበር። ኋላ እማዬ ምንም ሳትል ፈንዲሻውን ትታ ቆሎ ማቅረብ ጀመረች። አሁንም ቆሎ ነው።

እና ጨዋታው ውስጥ ኬንት የሚባል ሰው አለ። መጀመሪያው ዓመት ላይ የለም፣ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ብቻ ናቸው ያሉት። ሁለተኛው ዓመት ሲብት ከጦርነት ይመለሳል። ትንሽ ከተግባባችሁት በኋላ አንድ ቀን ቤታቸው ስትገቡ ሚስቱ ፈንዲሻ እያፈነዳች ነው፣ ሰውየው ድምፁን መቋቋም ያቅተዋል፣ ያየውን ነገር ያመጣበታል፣ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ስልኬን አስቀምጬ ግድግዳ ሳይ ቆየሁ። አሜሪካ ቁጭ ብሎ ዶሮና ጎመን የሚስል ሰው የእኛን ሳሎን ከየት አየው?

ለጋሼ አሳየሁት። ላሳየው አይገባም ነበር የምትሉ ትኖራላችሁ፣ ግን ሰውየውን ስለማውቀው ነው። እየተረጎምኩለት ዝም ብሎ አየ። ከዚያ "ኋላ ተሻለው ወይ?" አለኝ። እየሄድክ ስታዋራው፣ የሚወደውን ነገር ስታመጣለት ይቀርብሃል አልኩት። "እስቲ አምጪው" ብሎ ስልኩን ተቀበለኝ። ስለ ጦርነቱ ያኔም አላወራም። ስለ እርሻው ግን አፉን አልዘጋም!

የእውነተኛ ገበሬ ግምገማ እንግዲህ ይኸውላችሁ። አንደኛ፣ በሬ የለም። "በዶማ ብቻ ይሄን ሁሉ መሬት? ያበደ ነው እንዴ?" ላም አለ፣ በግ አለ፣ ፍየል አለ፣ አሳማ ሳይቀር አለ፣ የሚያርስ በሬ ግን የለም። ማዳበሪያው ደግሞ አሳቀው፤ ፒየር የሚባለው ባለሱቅ ጋ ገብተህ፣ ሱቁ ከሚዘጋበት ረቡዕ በቀር፣ በፈለግኸው ቀን ትገዛለህ። "ወረፋ የለም? ኩፖን የለም? ሕልም ነው በይኛ" አለ። ቁራ ሰብል ይበላል፣ ማስፈራሪያ ካልተከልክ አለቀልህ፣ ይሄን አመነበት። "ወንጭፍስ?" አለ። ወንጭፍማ አለ፣ ግን ዋሻው ውስጥ 40ኛው ፎቅ ድረስ ወርደህ ነው የምታገኘው፣ እሱም ለጭራቅ እንጂ ለቁራ አይሆንም። በጣም የከፋው ግን ደቦ አለመኖሩ ነው። መንደሩ ሙሉ ሰው አለ፣ ሁሉም ያዋራሃል፣ በዓል ላይ አብሮህ ይበላል፣ አዝመራህን ግን ብቻህን ታነሣለህ። "እነዚህ ሰዎች ጎረቤት አይደሉም" ብሎ ፈረደባቸው። እውነቱን ነው፣ እኔ ይሄን ሁሉ ስጫወት አላየሁትም ነበር።

አሁን ጉድለቶቹን ላንሣ። አማርኛ የለም፣ ጽሑፉ ብዙ ነው፣ ፊደሉም ትናንሽ ነው። እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው አጠገቡ የሚተረጉምለት ይፈልጋል፤ ከጋሼ ጋር ይሄ በጎ ሆነልን፣ ለብቻው ለሚጫወት ግን ፈተና ነው። ጣት ሰፋ ያለ ሰው ደግሞ በስክሪን መቆጣጠሩ ያናድደዋል፣ ጎመኑን አጠጣለሁ ብሎ በመጥረቢያ ይመታዋል። መጀመሪያ ላይ ምን እንደምትሠሩ የሚያሳያችሁ የለም፣ ሁለት ሦስት ቀን ዝም ብላችሁ ትዞራላችሁ። ዓሣ ማጥመዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አረንጓዴ አሞሌ አለ፣ ዓሣው ወደ ላይ ወደ ታች ሲወራጭ አሞሌውን ከላዩ ሳታነሡ ማቆየት ነው። እውነት ሐይቅ ሄዳችሁ ቆሮሶ ብታጠምዱ ይቀላል።

"ይሄ ሁሉ የአንቺ ስሜት ነው እንጂ ጌም ጤና ያበላሻል" የሚል ሰው አይጠፋም። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት አንድ ጥናት አለ። የመኪና አደጋ ደርሶባቸው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የገቡ 71 ሰዎችን ወስደው፣ ገሚሶቹን አደጋው በደረሰ በ6 ሰዓት ውስጥ የሆነውን ነገር አስታውሰው ከዚያ ቴትሪስ እንዲጫወቱ አደረጉ። ቴትሪስ ታውቁታላችሁ፣ ሩሲያዊው አሌክሲ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 የሠራው፣ ከላይ የሚወርደውን ቅርጽ መደርደር ነው። የተጫወቱት ሰዎች በዚያ ሳምንት አደጋው ድንገት እየመጣ ዓይናቸው ላይ ድቅን የሚልባቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ። ምክንያቱ ዓይንና ሐሳብ አብረው በሥራ ሲያዙ ያ ሥዕል የሚቀመጥበት ቦታ ይጠብበታል የሚል ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ስለ ስታርዲው ቫሊም አይደለም፣ ሐኪም ይተካል ያለም የለም። ግን እኔ ሌሊት የተሰማኝ ነገር ከባዶ የመጣ እንዳልሆነ ነገረኝ።

በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የጌም ሱስን የሕመም ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፣ ልክ ነው ያስገባው። ብዙ ሰዓት መጫወት ብቻውን ግን ሕመም አልተባለም። ማቆም ሲያቅትህ፣ ጨዋታው ከሥራህም ከሰውም ሲበልጥብህ፣ ሕይወትህን እየጎዳው እያየህ ስትቀጥል፣ ይሄም አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ያህል ሲቆይ ነው። ስታርዲው ቫሊም ቢሆን "አንድ ቀን ልጨምርና ልተኛ" የሚያስብል ነገር አለው፤ ያቺ አንድ ቀን አታልቅም። ሌሊቱ የአባባ ስለሆነ ለእኔ ገደቡ ተሠርቶ ነበር የመጣው፤ በየሁለት ሰዓቱ ስልኬ ይጮሃል፣ እነሣለሁ። እንዲህ ያለ ደወል የሌለው ሰው ለራሱ አንድ ያብጅ። ልቅሶ ቤት ላለመሄድ፣ ሐኪም ቤት ያለ ሰው ላለመጠየቅ ብሎ እርሻው ውስጥ ለሚደበቅ ሰው ደግሞ አልመክረውም። የሰው ፊት ማየት ላስጠላው የሰው ፊት ነው የሚሻለው።

ልትጀምሩ ከሆነ ኔትወርክ ባለ ጊዜ አውርዱት፣ ጨዋታውንም አንዴ ከፍታችሁ መሥራቱን እዩ። ውሻ ወይስ ድመት ሲላችሁ የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ ለውጥ የለውም። መጀመሪያ ያገኛችሁትን ገንዘብ ድንች ላይ አውሉት። ገንዘብ ግን እስከ ጸደይ 13 ቋጥሩ፤ በዚያ ቀን የእንቁላል በዓል አለ፣ የእንጆሪ ዘር የሚሸጠው እዚያ ነው፣ አንዱ 100 ነው። እዚያው ዕለት ማታ ወይ በማግሥቱ ጠዋት ትከሉት፣ በየቀኑ ካጠጣችሁት ወቅቱ ሳያልቅ ሁለት ጊዜ ትለቅማላችሁ። ጋሼ ይሄን ስነግረው አልሰማኝም፣ ብሩን በሙሉ ዶሮ ገዝቶበት ነበር።